የባለ ካሜራው የዳምጤ ዲስክ

ዳምጤ ባለበት ድግስ ትኩስ ምግብ የለም። ግብጽ አገር፣ አይን ሻምስ ሰፈር የሚኖር አበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። ትሪው ቀርቦ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ሊቆርስ ሲል "ቆይ! ቆይ! እጃችሁን ሰብስቡ!" ይልና ወንበር ላይ ይወጣል። አንዴ ከላይ ያነሳል፣ አንዴ ከጎን፤ ከዚያ ደግሞ ፈገግ አላላችሁም ብሎ እንደገና ይጀምራል። ወጡ ቀዝቅዞ ቅባቱ ሲረጋ "በሉ እንግዲህ ብሉ" ይላል። ይቆጡታል፣ ይሰድቡታል፤ ግን ያለ እሱ ክርስትና ያስነሳም ሆነ ልጁን የዳረ ሰው የለም።

ቀን ቀን ዶቂ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የአየር ትኬት መሸጫ ቢሮ ይሠራል። ሥራው እንጀራው ነው፣ ልቡ ያለው ግን ካሜራው ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ዲጂታል ካሜራ የገዛው ብቸኛ ልጁ ሩታ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት ነበር። ካሜራዋ ገና ስትከፈት ቀን ሙላ ብትለው ሳያመነታ የአገሩን ቀን ሞላባትና ማንሳት ጀመረ። ልጅቱ ጥርሷ ሲወልቅ፣ ስታኮርፍ፣ ከብስክሌት ስትወድቅ ሳይቀር አንስቷል። (ስትወድቅ ከማንሳት ይልቅ አስቀድሞ አንስቷት ቢሆን ኖሮ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ ባልቀረ ነበር፤ ይህን የምትለው ባለቤቱ ዕንቁ ናት።) ሁሉም ሳሎኑ ጥግ በቆመው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ለሰው ሁሉ "ግልባጭ ያዙ፣ ኋላ ታለቅሳላችሁ" እያለ ይመክራል። ራሱ ግን አልያዘም። መካሪ እንዲህ ነው።

ሩታ ልትዳር ሆነ። ዳምጤ በሠርጉ ማታ የልጅነት ፊልሟን በትልቅ ስክሪን አሳያለሁ ብሎ ላገኘው ሁሉ ተናገረ። የሙሽራው ቤተሰቦች ለትውውቅ የመጡ ዕለት ደግሞ አላስችል አለው። "ለዛሬ ትንሽ ቅምሻ" ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እንግዶቹ ሊያቀርብ ሲያነሳው ሽቦው እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ዳምጤ ሶፋው ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሴራሚኩ ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ቢከፍተው፣ ቢዘጋው፣ ቢለምነው፣ ከሆዱ "ቀጭ፣ ቀጭ" ከማለት በቀር መልስ የለውም።

"ማሌሽ፣ አይዞህ፣ ዳምጤ፣ ዋናው አንተ መትረፍህ ነው" አለችው ዕንቁ።

"የእኔ መትረፍ ምን ያደርጋል!" አለ። የልጁ ልጅነት ከዚያ ሣጥን ውጭ የትም አልነበረም። እንግዶቹ ሲወጡ እንኳ ቆሞ አልሸኛቸውም።

በማግስቱ የኮምፒውተሩን ዲስክ አውጥቶ በዕንቁ ሻሽ ጠቅልሎ፣ በሜትሮ ባቡር ሄዶ ማር ጊርጊስ ጣቢያ ወርዶ፣ ማግዲ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። ማግዲ ወፍራም፣ ሳቂታ ግብጻዊ ክርስቲያን ነው። ዲስኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማና "የማንበቢያ ጭንቅላቱ ተሰብሯል። ከሌላ ዲስክ ነቅዬ እተክልለታለሁ፤ ምን ላውጣልህ?" አለው በአረብኛ።

"የልጄን ፎቶ። ከሁለት ሺህ አምስት ጀምሮ ያለውን።" ዳምጤ ለሰውየው እንዲመች ብሎ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አሰላለት። ደግነቱ ነው ጉድ የሠራው።

ማግዲ ሲደውልለት ድምፁ ቅዝዝ ብሎ ነበር። ዳምጤ ቢሮውን ትቶ በረረ።

"ዲስኩ ተነሥቷል" አለ ማግዲ። "ግን ልጅ የለበትም። በስልክ ያነሳሃቸው የቅርብ ጊዜ ሠርጎች አሉ። የቀረው ቀኑ የተበላሸ ክምር ነው። ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ ይላል። ይህን ያነሳችው ካሜራ በዘጠና ስምንት መቼ ተሠርታ! ያዕኒ፣ ማለቴ፣ የማይረባ ነው ብዬ ሳልከፍት ትቼዋለሁ።"

የዳምጤ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ድንገት ብድግ አለ።

"ስንት አልክ?"

"አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት።"

"ያ ባሽሙሃንዲስ፣ አንተ መሐንዲስ! እሱ እኮ የኛ ዘመን ነው! የኢትዮጵያ ነው! ካሜራዋን የሞላኋት እኔ ነኝ!" ብሎ ማግዲን ከነመፍቻው አቀፈው።

ማግዲ ነገሩ ሲገባው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ሰባት ስምንት ዓመት ብቻ ነው ኋላ የቀራችሁ? እኛ በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ገና አሥራ ሰባት መቶዎቹ ውስጥ ነን!"

ክምሩን ሲከፍተው የሩታ ድርድር ጥርሶች ብቅ አሉ። ዳምጤ ስክሪኑን ሳመው።

"ካሁን በፊት ራስህ ያጠፋሃቸውም አብረው ወጥተዋል፤ ልለያቸው?" አለ ማግዲ።

"የተበላሹ ናቸው፣ ጣላቸው።"

"መለየቱ ሌላ ሂሳብ አለው። ኸላስ፣ በቃ፣ ሁሉንም ውሰድ።"

የፊልሙን ሥራ ግን ሩታ ለአባቷ አልሰጥም አለች። "አባ፣ አንተ ከያዝከው እኔ ወልጄም አያልቅም" ብላ ራሷ ሠራችው።

የሠርጉ ማታ አዳራሹ ጨለመ፣ ስክሪኑ በራ። ዳምጤ እንደ ልማዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ስክሪኑን ያነሳል። ሩታ በዩኒፎርም፣ ሩታ በአባይ ጀልባ ላይ፣ ሩታ ሎሚ ቀምሳ ፊቷ ተኮማትሮ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እሱ የማያስታውሳቸው ፎቶዎች መጡ። የአንድ ሰውዬ ጫማ። ቀበቶና ግማሽ ሆድ። ከአንገት በላይ የሌለው ባለ ሸሚዝ። ያዘነበለ ጣሪያና አንድ ጆሮ።

"ይሄ የማነው?" አለ ዳምጤ።

ማንም ሳይመልስለት ቪዲዮ ጀመረ። ስዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከካሜራው ጀርባ የሕፃን ድምፅ "አባ፣ ዝቅ በል! አንገትህ አልገባም!" ይላል። ሰውዬው ተንበረከከ። ጥቁር ጎፈሬ ያለው ቀጭን ወጣት፣ ጥርሱን ሁሉ ገልጦ እየሳቀ፣ አዳራሹን ሙሉ አተኩሮ አየው። ዳምጤ ነበር።

ሩታ ልጅ ሳለች ካሜራዋን በተዋሰች ቁጥር አባቷን ታነሳ ነበር። እሱም ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ "ይሄ ተበላሽቷል" እያለ አንድ በአንድ ሲያጠፋ ኖሯል። ከነዚያ ሌላ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ እሱ ያለበት አንድም ፎቶ አልነበረም።

ካሜራ የያዘው እጁ ወረደ። ወንበሩ ላይ እንደቆመ፣ በአማቾቹ ፊት፣ እንደ ሕፃን ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ዕንቁ በሳቅና በእንባ መሃል ሆና የሱሪውን ጫፍ ሳበችው። "ና ውረድ እንግዲህ" አለችው። "ካሜራውን ለልጄ ስጣትና ከኛ ጋር ታንሳህ።"