የልጄ ሁለተኛ ስም

የልጄን የጋብቻ ማስረጃ ለኤምባሲ ያሰናዳሁት እኔው ራሴ ነኝ። ጠበቃ አልቀጠርኩም፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነን የሚሉት ሰዎች ደጅም አልደረስኩም። ይህን ከመጀመሪያው የምጽፈው፣ ሰፈር ውስጥ "አንድ የተማረ ሰው ረድቷቸው ነው" ተብሎ ሲወራ ስለሰማሁ ነው። የተማረው ሰው እኔ ነኝ፤ ያስተማረኝም እኔው ነኝ።

ትምህርት ቤት የሄድኩት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የተማርኩት ወሰን ሰፈር ባለው ጋራዤ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛን ያገኘሁት ከከባድ መኪና መመሪያ መጽሐፍ ነው። ቃሉን አነባለሁ፣ ሥዕሉን አያለሁ፣ ከዚያ መኪናው ሥር ገብቼ ዕቃውን በእጄ እነካዋለሁ። በእጁ የነካውን ቃል የሚረሳ ሰው አላየሁም። በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ፈትቼ የምገጥም ሰው ሆንኩ፤ ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ያቃታቸውን መኪና እየጎተቱ ወደ እኔ ሲያመጡ ኖሩ። ስለዚህ አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ከውጭ አገር ደውሎ "አባባ፣ እዚያ ያለውን ማስረጃ ማን ያሰናዳልናል?" ሲለኝ ጥያቄው ራሱ ገረመኝ።

አማቼ ልጄን አግብቶ ጥቂት ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ነው ለሥራ የሄደው። እዚያው ሰነበተ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ፣ ሚስቱን ለመውሰድ አመለከተ። ፈቃድ ያለው ሰው ሚስቱን መውሰድ ይችላል፤ ግን ሚስቱ የእውነት ሚስቱ መሆኗን ማሳየት አለበት። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻውን የኤምባሲ ሰዎችን አያጠግባቸውም፤ በገንዘብ ተስማምተው የሚፈራረሙ ሰዎች ስላሉ አይፈረድባቸውም። አብረው የተነሡትን ፎቶግራፍ፣ የተጻጻፉትን መልእክት፣ የኖሩበትን ቤት፣ የሚያውቋቸውን ሰዎች ቃል ይፈልጋሉ።

የእኛ ሰው ትዳሩን ለፎቶግራፍ ብሎ አይኖርም። ከሠርጉ ቀን ሌላ ያሉትን ፎቶዎች ስንሰበስብ፣ ሁሉም ላይ ልጄ በአንድ ጎን፣ ባሏ በሌላ ጎን ቆመዋል፤ መካከል ላይ የእሱ እናት አሉ።

"ይሄን ያየ ሰው ያገባሽው እናቱን ነው የሚለው" አልኳት።

"እሱም ውሸት አይደለም አባዬ" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ባሏ ከሄደ ጀምሮ የምትኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ መካከል ባለች ቤት። የአማቼ እናት ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸውን ቀብረው ቆጮና ቅቤ እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት ብዙም አይርቁም።

በእሳቸው አገር አንድ ልማድ አለ። ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል። ከዚያ ቀን ወዲያ የድሮው ስሟ አባቷ ቤት ይቀራል። ለልጄ ያወጡላት ስም "ቤቴን ሞላሽው" እንደማለት ነው። ሁለቱንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ ንብረትነታቸው የእሷ ነው። እኔ ያወጣሁላትን ስም ብዙ አስቤ፣ ብዙ አንብቤ የመረጥኩት ስለነበር፣ ሠርጉ ላይ አዲሱን ስም ስሰማ ደስ አላለኝም። የእኔው ምን ጎደለው አልኩ በልቤ። አንድም ቀን በአዲሱ ጠርቻት አላውቅም። ባሏ ደግሞ አንድም ቀን በድሮው ጠርቷት አያውቅም።

ፋይሉን እንደ መኪና መመሪያ አደረግሁት። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር የት እንደተነሣ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ በእንግሊዝኛ ጽፌያለሁ። ልጄ "አባዬ፣ ይሄን ያየ ሰው እኔን ሊገጣጥመኝ ነው እኮ" ብላ ሳቀችብኝ። ከሁሉም ወረቀት ያላየሁት የባልና ሚስቱን መልእክት ብቻ ነው። አባት ልጁ ከባሏ ጋር የተጻጻፈችውን አያነብም። እሷም አላሳየችኝም። ራሷ መርጣ፣ አሳትማ፣ በፖስታ አሽጋ መገናኛ ላለ ተርጓሚ ሰጠች፤ ትርጉሙንም እንደታሸገ ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬም ቢሆን አልከፍተውም።

ፎርሙ ላይ "ሌላ የምትጠሪበት ስም አለ ወይ?" የሚል ጥያቄ አለ። "የለም" ብዬ ሞላሁ። ሕግ የሚያውቀው መዝገብ ላይ ያለውን ስም ነው። በዚህ ማንም ቢከራከረኝ እረታዋለሁ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ልጄ ከኤምባሲው ቀጥታ ወደ ጋራዡ መጣች። ነጠላዋን አላወለቀችም፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። የጠየቃት ሰው ትሑት ነበር አለችኝ፤ ጥፋቱ ያ ነው፣ ትሑት ሰው ሲጠራጠር ምን ብለው ይቆጡታል? መልእክቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ባሏ "ናፈቅሽኝ" የሚላት፣ "በሕልሜ አየሁሽ" የሚላት ይህቺ ሴት ማን እንደሆነች ጠየቃት። "እኔ ነኝ" አለችው። ባሏ የሚጠራበት ስም የትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ጠየቃት። የትም የለም። ከዚያ ፎርሙን አዙሮ "የለም" የሚለውን አሳያት።

"ባሌ ሌላ ሴት አለችው ብለው ጠርጥረዋል" አለችኝ። "ያቺ ሴት ደግሞ እኔው ነኝ። 'የለም' ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ አባዬ።"

ሕጋዊ ስም ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳት ጀመርኩ። አልሰማችኝም። ጭንቅላቷን ከግድግዳው አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

የሰጧትን ወረቀት አነበብኩት። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሴት መሆናቸውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካላረጋገጠች ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል ይላል። ጋብቻው የሐሰት ነው ተብሎ አንዴ የተዘጋ ነገር መልሶ ለመክፈት እንዴት እንደሚከብድ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ልጄ የመውለጃ ዕድሜዋ እያለፈ ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንዳወጣው ሊመሰክር የሚችል ሰው ደግሞ ከእንጦጦ ሥር ያሉት ሴት ናቸው።

እስከ ፈረንሳይ ሰፈር በታክሲ፣ ከዚያ በእግር ወጣሁ። የአማቼ እናት በደንብ ተቀበሉኝ። ጉዳዩን ስነግራቸው "ጉልበቴ ይሻለኝና" አሉ። ሌላ ጊዜ ስሄድ "ጾሙ ይፈታና" አሉ። ጾሙ ተፈታ። የምስክርነት ቃላቸውን እኔው በጥሩ ቋንቋ አርቅቄ ይዤ ሄድኩ። ያንብቡልኝ ብለው አንድ ሁለት መስመር እንደሰሙ እጃቸውን አነሡ።

"ይሄን ማነው ያለው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።"

"የሕግ አነጋገር ነው እህቴ። እንዲህ ካልተባለ አይቀበሉትም።"

"ሕጉ እሷን ያውቃታል?"

ወረቀቱን አጠፍኩት። ብዙ ሞተር ከፍቼ አይቻለሁ፤ የማይነሣ መኪና ሁሉ ነዳጅ አልቆበት አይደለም። ምን እንዳስፈራቸው ጠየቅኋቸው። የሚያስፈራቸው ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። መዝጊያው ክፍት ነበርና ባሕር ዛፉ ሲንሿሿ ይሰማል።

"ልጄን ሸኘሁ" አሉ ቆይተው። "አሁን ደግሞ 'እሷንም ውሰዱ' ብዬ በገዛ እጄ ልፈርም? እርስዎ ፋይል አሰናዱ። ይቺን ቤት አሰቡ?"

"እኔም አባቷ ነኝ። እኔም ልለያት ነው።"

"እርስዎ ጋራዥ አለዎት፣ ሌሎች ልጆች አሉዎት። እኔ ሳስነጥስ 'ይማርዎት' የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።"

ልጄ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ይህን ሰምታለች። ጀሪካኑን በር ላይ አስቀምጣ ገባች። አላለቀሰችም።

"እማ፣ ከከበደዎት ይቅር" አለች። "እዚሁ እኖራለሁ። ለእሱም እኔ እነግረዋለሁ።"

እኔ የምናገረው ነበረኝ። የዓመታት ልፋት፣ የኤምባሲው ቀነ ገደብ፣ የባሏ ብቸኝነት፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም። ልጄን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት፤ ከዚያ ዕድሜዋን ጠየቋት። ነገረቻቸው።

"የእኔን ጉልበት እያሸሽ ልታረጂ ነው?" አሏት። "ተይ። ነጠላዬን አምጪልኝ።"

"ዛሬ?" አልኩ እኔ።

"ነገ ልቤ ይለወጥ ይሆናል።"

ከእድራቸው ሁለት ሽማግሌዎች ለምስክርነት ጠርተን፣ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ ውልና ማስረጃ ወረድን። ልጄ ከኋላ ወንበር የአማቷን እጅ መንገዱን ሁሉ ይዛለች። እኔ ከሾፌሩ ጎን ሆኜ ፍሬኑ ሲያፏጭ ብሰማም፣ የዚያን ቀን ለሾፌሩ ምክር አልሰጠሁም።

ተራችን ሲደርስ ያረቀቅሁትን ወረቀት ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። የአማቼ እናት እጃቸውን ዘርግተው ከጠረጴዛው ላይ አነሡት፣ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ጸሐፊዋም እየሰማች መታችው።

"ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የሠርጓ ዕለት፣ ቤቴ በር ላይ። ልጄ በዚያ ስም ነው የሚጠራት፤ ጎረቤቱም በዚያ ነው የሚጠራት። ስሞት እንድታለቅስልኝ የነገርኳትም በዚያው ስም ነው። ሌላ ሴት የለችም።"

ጸሐፊዋ መምታቷን አቆመች። ልጅ እግር ናት፤ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች። ቀስ ብላ "እማማ፣ ወረቀቱ ለምን ጉዳይ የሚውል ልበል?" አለቻቸው።

"እሷን ከእኔ ለመውሰድ" አሉ።

ጸሐፊዋ እኔን አየችኝ። "ለኤምባሲ በይ" አልኳት።

መፈረም ይችላሉ፤ ሲነግዱ የተማሩት ነው። ፊደል በፊደል፣ ብዕሩን እየጫኑ ፈረሙ። ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። የአማቼ እናት ሲወጡ ልጄ ልትደግፋቸው ብትጠጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን መልሰው ግድግዳውን ይዘው ወጡ።

ቃላቸው ሲተረጎም እኔም አየሁት። ተርጓሚው አንድ ቦታ አለስልሶት ስለነበር አሳረምኩት፤ ያሉት እንዳሉት እንዲሆን። ፎርሙም እንደገና ተሞላ። "ሌላ የምትጠሪበት ስም" በሚለው ቦታ አማቷ ያወጡላትን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ የታወቀ ነው፤ ያን ዕለት ግን ከወትሮው ይበልጥ ተጠነቀቅሁለት።

ቪዛው ተፈቀደ። የፈቀደላት ያው ትሑት ሰው እንደሆነ፣ ስታመሰግነውም በሁለተኛው ስሟ ጠርቶ እንዳሰናበታት ነገረችኝ። ፋይሉን አመስግኖ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላነሣውም አለች። አንዳንድ ሰው ጥሩ ሥራ ሲያይ ዝም ይላል።

በምትሄድበት ቀን የአማቼ እናት አውሮፕላን ማረፊያ አልመጡም። በራቸው ላይ ቆመው ግንባሯን ሳሟት፣ መረቋት፣ መኪናው ሳይነሣ ገብተው ዘጉ። ወሰን መጥተው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ለመንኳቸው፤ ክፍልም አዘጋጀሁ። ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ የትም አልሄድም አሉኝ። አንዲት ጎረቤት ውሃ ታመጣላቸዋለች፤ ወጪውን ልጃቸው ይልካል። የቀረው በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ዳገቱን የሚያወጣቸው ሰው ነበር። ይህን ሥራ ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ ያዝኩት።

የመጀመሪያው ቀን ክንዴን ሰጠኋቸው፤ ለትንሽ ጊዜ አዩትና ያዙት። አረማመዳችን አልገጠመም። እኔ ዕድሜዬን የማልመስል ፈጣን ሰው ነኝ፤ እሳቸው በየጥቂቱ ይቆማሉ። ልጄ የት የት እንደምታሳርፋቸው ስላልነገረችኝ፣ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር "እዚህ ይቀመጡ?" እላለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገዱን ለቀቁልን።

ከባሕር ዛፎቹ መካከል አንድ ግንድ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ከታች ከተማው ጭጋግ ለብሷል። እዚያ ነው የጠየቅኋቸው።

"መፈረምዎ ይጸጽትዎታል?"

ጫማቸው ላይ ያለውን አፈር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ጸጸተኝ ብልዎ ምን ያደርጉልኛል?" አሉ።

መልስ አጣሁ አልልም። ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ፤ ለዚያም ነበረኝ። ግን ዳገቱ ገና ነበር፣ ቅዳሴውም ተጀምሯል። ክንዴን መልሼ ሰጠኋቸው፤ ያዙት፤ በእሳቸው እርምጃ መውጣት ጀመርን።