በለቅሶ ሰሞን የመጣ ውጤት

ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ሆናለች ይባላል፤ ወሬው እኛ ሰፈር ግን ገና አልደረሰም። ወደ ቡሹሎ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ቤታችን። እዚህ ማን እንዳሳለው፣ ማን እንግዳ እንደመጣበት ከአጥር አጥር ይሰማል። ሰው ሲሞት ደግሞ ሦስት ቀን ቴሌቪዥን የሚከፍት የለም። ትእዛዝ የሰጠ ሰው ኖሮ አይደለም። ልጅ ሆኜ አንዴ ብከፍት፣ እናቴ ቃል ሳይወጣት ሶኬቱን ነቅላብኝ ሄደች።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣው ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሽማግሌ በተቀበሩ ማግስት ነው። ጡረታ የወጡ አናጺ ነበሩ። ለፈተና በማጠናበት ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ተቀምጠው "አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ምን ገባሽ?" ይሉኝ ነበር። ፊዚክስም ቢሆን ሳላስረዳቸው አያሳልፉኝም ነበር።

ቤት ኔትወርክ እምቢ ሲለኝ ፒያሳ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋ ቁጥሬን አስገባችና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። አልፌያለሁ! ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም አልፌያለሁ። በባጃጅ ስመለስ ደስታው ሞልቶ ፈሰሰብኝና ለባጃጁ ሹፌር ነገርኩት። አስፋልቱ ላይ አውርዶኝ እየሳቀ ሄደ።

ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። አፏን ለእልልታ ከፈተች። ወዲያው ግን ከአጥሩ በላይ የለቅሶውን ድንኳን አየችና በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። እንባዋ ብቻ ወረደ።

"ሦስቱ ቀን ይለፍ፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ" አለችኝ። "በይ ንፍሮውን ይዘሽ ሂጂ።"

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ንፍሮውን እያዞርኩ የሟቹ ባለቤት ጋ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

"ውጤት ወጥቷል አሉ። አየሽ እንዴ?"

"ገና ነኝ፣ እማማ። ኔትወርክ የለም።"

ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ዋሸኋቸው። ፊቴ እንዳይነበብ ሳህኑን እያየሁ ወደ ድንኳኑ በር ሄድኩ። ልክ በሩ ላይ ስደርስ ያ ባጃጅ ለቀስተኛ ይዞ መጣ።

"ዶክተሯ!" አለ ሹፌሩ ገና ሳይቆም። "ለእናትሽ ነገርሻት? እልል አስባልሻት ወይ?"

ከዚያ ድንኳኑን አየ። ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ምን ዋጋ አለው! ድንኳኑ ሙሉ ዞሮ እኔን ያያል። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ነይ ወዲህ" አሉ ባለቤታቸው። ፊታቸው ተንበረከኩ። "ለምን ዋሸሽኝ?"

"እርስዎ እንዲህ አዝነው እንዴት ደስ አለኝ ልበል ብዬ ነው፣ እማማ።"

"ትናንት ሬሳው ፊት ቆሜ ምን ብዬ እንዳለቀስኩ አልሰማሽም? 'የልጅቱን ውጤት ሳትሰማ ሄድክ' ብዬ ነው። አሁን እኔንም ሳታሰሚኝ ልታስቀሪኝ ነው?" እጄን እንደገና ያዙኝ። "ንገሪኝ። በአንቺ አፍ ንገሪኝ።"

"አልፌያለሁ" አልኩ። ይህች አንዲት ቃል እንደዚያ ከብዳኝ አታውቅም።

ራሴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። "እሰይ" አሉ በጣም ቀስ ብለው። አጠገባቸው ያለችው ሴት ተቀበለችና "እሰይ" አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም። እሰይታው በሹክሹክታ አግዳሚውን ተከትሎ ሄደ። ዳር የተቀመጡት አሮጊቶች ጋ ሲደርስ ወሬው በሲዳምኛ ተነገራቸው፤ እነሱም ከሩቅ መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ድምፁን ከፍ ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም። እናቴም መጥታ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ አፏን እንደያዘች ነበር።

ባለቤታቸው ዓይናቸውን ጠረጉና በባጃጁ ወደ መጡት ለቀስተኞች በአገጫቸው አመለከቱኝ።

"በይ ተነሺ፣ ልጄ። ለእነዚያ ውኃ አልተሰጣቸውም።"