እትዬ ሹራብ

ተማሪዎቿ በሹክሹክታ «እትዬ ሹራብ» ይሏታል። የነርሶች አስተማሪ ናት፤ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ከነጭ ጋዎኗ ሥር ሹራቧን አታወልቅም። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን አፋትጋ ታሞቃለች። ራሱን የሳተውን ሰው ሳይቀር በስሙ ጠርታ «ልነካዎት ነው፣ ይፍቀዱልኝ» ትላለች።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ክንድ ላይ የጉሉኮስ መርፌ የምትሰካውን ተማሪ ላብ አጠመቃት። አልጋው ላይ ያሉት አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቋታል።

«አልችልም፣ እገድላቸዋለሁ!» አለች።

አስተማሪዋ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሳበቻትና ሹራቧን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ክንዷ የመርፌ ጠባሳ ብቻ ነው።

«በልጅነቴ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ተኝቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «መርፌውንስ ለመድኩት። ፊቴን ሳያዩ የወጉኝን ግን እስከ ዛሬ በሕልሜ አያቸዋለሁ።»

እጅጌዋን ወዲያው መለሰችው።

ተማሪዋ ወደ አልጋው ተመለሰች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ቢሆንም መዳፎቿን አፋተገች።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ በጣም ፈርቻለሁ።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እሰይ! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉላት።