ሁለቱ ክዳኖች

መዲና ሞላሌ ከተማ ባላት ሱቅ ቀለም ስትሸጥ እንደዚህ የሚያመነታ ገዢ ገጥሟት አያውቅም። ጥቁር ባና የለበሱት ሽማግሌ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ደማቅ ሰማያዊ የተቀቡ ሁለት የጣሳ ክዳኖች ይዘው ደጅ ወጡ፤ በፀሐይ አስተያዩዋቸው። ተመልሰው የሱቁ ጨለማ ጥግ ላይ አስደገፏቸውና ዓይናቸውን አጥብበው ከሩቅ አዩዋቸው።

«አባባ፣ ለአንዲት ክፍል ይህን ያህል? ሙሽራ ሊያስገቡ ነው እንዴ?»

«ሙሽራዋማ ከገባች አርባ ዓመት ሆናት፣ ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው። «አሁን ዓይኗ ደክሟል። እኔ እርሻ ስውል፣ መውጫውን ፍለጋ ግድግዳውን ስትዳብስ ትውላለች።»

መዲና በቀልዷ አፈረች። «እንግዲያው ነጩ ይሻላል፤ ቤቱን ያበራዋል።»

ሽማግሌው አነስ ያለውን ሰማያዊ ክዳን አንስተው ነጩ ላይ ደረቡት፤ ዳር ዳሩ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ሁለቱንም ስጪኝ። ግድግዳው ነጭ ይሁን፣ በሩን ብቻ ሰማያዊ እቀባላታለሁ።» ባናቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ። «ኋላ እኔ ባልኖርም፣ ደጁ አይጠፋባትም።»