ነጭ ማልያ በከሰል ከተማ

የአረንጓዴው የልብስ ሳሙና ሽታ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰኝ ኳስን ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ልንገራችሁ።

በኮሮናው ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ውስጥ፣ በወንድሜ ስፓዛ፣ ማለትም በሰፈር ሱቁ፣ እሸጥ ነበር። ሱቁ የአከራያችን ጋራዥ ነው። አከራያችንን እንደ ሰፈሩ ሰው «ጎጎ» እንላቸው ነበር፤ አያቴ እንደ ማለት። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ፣ በማታው ክፍል ነው፤ ሎክዳውኑ እሱንም ዘጋብኝ። ስለዚህ ጎጎ ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ እንግሊዝኛዬን በወሬያቸው አሳደግሁ። ወሬያቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ያደጉበት የከሰል ማዕድን ከተማና የኳስ ቡድኑ።

ቡድኑን የመሠረቱት ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ኩባንያው እድፍ እንዳያሳይ ብሎ ጥቁር ማልያ ሰጣቸው። ማልያውን መለሱለት። «ጥቁሩንማ ሳምንቱን ሙሉ ለብሰነዋል» አሉና ነጭ አሰፉ። ያንን ነጭ የሚያጥቡት ሚስቶቻቸው ነበሩ። ውጭ ከተሰጣ የከሰል ብናኝ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ኩሽና ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ያደርቁታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር አሉ። የጎጎ ባል በረኛ ነበሩ፤ በአንድ የዋንጫ ፍጻሜ ያዳኗቸውን ፍጹም ቅጣት ምቶች ጎጎ አውርተው አይጠግቡም። «ከሁሉም የቆሸሸው የእኔ ነበር» ይላሉ ጎጎ፣ በኩራት።

እኔ ደግሞ ነገር ካላጣራሁ አላርፍም።

«ባለፈው የፍጻሜው ጎል በጭንቅላት ነው ብለውኝ ነበር፤ ዛሬ በእግር ሆነ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ ወይስ ተከራይ?»

ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዛ አንድ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ የትልቅ ቡድን ደጋፊ። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ጎጎን ይተነኩሳቸዋል።

«ጎጎዬ፣ ከሰልዎ ዘንድሮ አመድ ነው!»

«አመድ የሚሆን የነደደ ነው። የእናንተማ እርጥብ እንጨት፣ ጭስ ብቻ!»

የቡድኑ የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ግን ቀልድ አልነበረም። እዚህ አገር የሊግ ቦታ እንደ ሱቅ ይሸጣል። ቡድኑ አሸንፎ ወደ ላይኛው ሊግ ካለፈ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ባለቤቱ ለሌላ ከተማ ሀብታም ሊሸጠው ነው፤ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ጎጎ ከጠዋት ጀምሮ ቴሌቪዥናቸው ፊት ተቀምጠው ዋሉ። ጨዋታው ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ።

የወንድሜን የባትሪ ሬዲዮ ሱቁ መስኮት ላይ አደረግነው። ሾፌሩ ውጭ ቆሞ ይሰማል። ሬዲዮው በዙሉኛ ያወራል፣ ጎጎ በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል፣ እኔ ለወንድሜ በአማርኛ እተረጉማለሁ።

«ታዲያ አሁን ኳሱ የት ነው?» ይላል ወንድሜ።

ትርጉሜ እሱ ዘንድ እስኪደርስ ኳሱ ወደ ማዶው በር ሄዷል።

ተመልካች ስላልተፈቀደ ስታዲየሙ ባዶ ነበር፤ የበረኛው ጩኸት ጥርት ብሎ ይሰማናል። «ይጩኽ፣ ይጩኽ» አሉ ጎጎ፤ «ዝም ያለ በረኛ የፈራ ነው።»

ሊያልቅ ሲል ጎል ገባብን። ለዚህስ ትርጉም አላስፈለገም። ጎጎ ፊሽካውን ሳይጠብቁ ሬዲዮውን ራሳቸው አጠፉት። «ባትሪ አትጨርሱ» አሉና ገቡ።

ቡድኑ ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ በቢጫ ማልያ ይጫወታል። አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ሾፌሩ ሲመጣ ወንድሜ በዓይኑ «ዋ!» አለው። ጎጎ ከሳፋው ቀና አላሉም። ሾፌሩ ዳቦውን ይዞ ወደ ሳፋው ጠጋ አለ።

«ጎጎ፣ ባለቤትዎ በዚያ በፍጻሜው ስንት ፍጹም ቅጣት ምት ነው ያዳኑት?»

እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አራት።»

ለእኔ ሁልጊዜ የሚነግሩኝ ሁለት ነበር። የጎጎን ታሪክ ማን እንደሚያጣራ ሰፈሩ ያውቃል፤ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ፤ ወንድሜም ዞረ።

«አራት ነው» አልኩ።