ውሃ ውስጥ የሚኖረው ድንጋይ

ይህ የደረሰብኝ በ2001 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ጅቡቲ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ይኸው ዓመታት አልፈው፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም መቀመጫ አጣለሁ።

አሠሪዬ፣ ሙሴ የምለው ፈረንሳዊ፣ የድንጋይ ተመራማሪ ነበር። የቤቱ መደርደሪያ ሁሉ ድንጋይ ነው። አንዱን ብቻ ውሃ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ ያኖረዋል። ጥቁር ነው፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ መርፌ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። ለምን ውሃ ውስጥ እንደሚኖር አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሙሴ ለአራት ቀን ወደ በረሃ እንደወጣ ሚስቱ ማዳም፣ "ሰፈሩ ውስጥ የትንኝ በሽታ ገብቷል፤ ቤቴ ውስጥ የቆመ ውሃ እንዳላይ!" አለች። የአበባውንም፣ የባልዲውንም፣ የብልቃጡንም ደፋሁ። ድንጋዩን መስኮት ላይ አሰጣሁት። የሐምሌን ነፋስ መቼም የጅቡቲ ሰው ያውቀዋል፤ ምድጃ ነው።

በሦስተኛው ቀን አቧራ ልጠርግ ብነካው ነጩ በሙሉ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ረገፈ። በስመ አብ! ከተባረርኩ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ መሰረዙ ነው። ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ አልማዝ ጋ በረርኩ።

"አንቺ ሞኝ! የማዳም ድመት ደፋችው በያ። ድመት አትከሰስ!" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮት መሮጥ ሆነ ሥራዬ። ሙሴ መጣ። "ማነው?" ሲለኝ "ድመቷ" አልኩ። ወጥ ቤት ታጥቦ፣ እንዲደርቅ ተገልብጦ የተቀመጠውን ብልቃጥ አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

ድንጋዩን ላዋሰው ሽማግሌ መምህሩ ደወለ። ፈረንሳይኛ እሰማለሁ። እንዲህ ያለው በስንት ፍለጋ አንዴ እንደሚገኝ፣ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ውሃ ወጥቶ እንደሚፈርስ ያን ቀን ሰማሁ። ከዚያ ሙሴ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልከድነው ሄጄ ውሃው አለቀ" አለ። ሽማግሌው ሲጮህበት በር ላይ ለቆምኩት ለእኔ እንኳ ይሰማ ነበር።

"እኔ ነኝ" ማለት አቃተኝ። ከዚያ በኋላም ስድስት ወር አብሬያቸው ቆየሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ሲመጣ ምሳውን አቅርቤ እመለሳለሁ። አገሩ ሲገባም ሳልነግረው ተሰናበትኩት።

ያኔ ቢያባርረኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። እያወቀ ያሳለፈልኝን ግን መርሳት አልቻልኩም።