በረቱን ያስጌጡት ሰዎች

ስዊስ ውስጥ፣ ከረገንስዶርፍ ከተማ አለፍ ብሎ ባለች መንደር አንድ አሮጌ በረት አለ። ታች ላሞች ያደሩበት፣ ላይ ድርቆሽ የተከመረበት፣ ግንዱ በዘመን ብዛት የጠቆረ። ቅርስ ነውና ምስማር እንኳ አይመታበትም። የበረቱ ጠባቂ አንዲት ስዊስ ባልቴት ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ለሕማማትና ለፋሲካ ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ቁልፉን አምነው የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። ጫማ አውልቀን እንደምንገባ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "ለወለሉ እንዲህ የሚሳሳ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ። ለወለሉ ብለን እንዳልሆነ አላስረዳኋቸውም።

ሊቀ መንበራችን የሚኖሩት ጄኔቭ ነው። ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጡረታ የወጡ፣ ከቅዳሴ ስብሰባ የሚያስበልጡ ሰው ናቸው። ለሆሳዕና ዋዜማ ከኮሚቴያቸው ጋር መጡና ገና ከደጅ አፍንጫቸውን ያዙ።

"እህቴ፣ ማኅበሩን በረት ልታስገቢው ነው?"

"ጋሼ፣ በረት የናቀ ሰው ገናን ምን ብሎ ያከብራል?"

"ስብከቱን ለቄሱ ተዪላቸው።"

ኮሚቴው ሳቀ። እሳቸው ሲናገሩ መሳቅ ሥራው ነው።

"እባክዎ ምንም እንዳይነኩ፤ ቅርስ ነው" ብል፣ "የላም ሽንት የጠጣ ሳንቃ ቅርስ ከሆነማ የአያቴ መንደር በሙሉ ሙዚየም ነው!" አሉና አሁንም ተሳቀ።

እኔ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በማግስቱ ስመጣ በረቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ ለብሷል። ምንጣፍ ከሌለ ጸሎት የማያርግ ይመስላቸዋል እኮ! እንዳይንሸራተትም ከሳንቃው ጋር በማጣበቂያ ለጥፈውታል። የተማረ ሰው ሥራ ይኼ ነው።

ባልቴቷ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ብቅ አሉ። ተንበርክከው የምንጣፉን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት የሳንቃው ፊት አብሮ ተገሸለጠ። ሊቀ መንበሩ ደረታቸውን ነፍተው፣ "አሁን ነው ያማረው!" አሏቸው፣ በፈረንሳይኛ። ሴትዮዋ የሚሰሙት ጀርመንኛ ብቻ ነውና ወደ እኔ ዞሩ። እንዴት ብዬ ልተርጉመው? ባልቴቷም አልተቆጡም፤ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ቁልፉን መለስኩላቸው።

ስቅለትን ዲቤንዶርፍ በምትባል ሌላ ከተማ፣ አንድ ፎቅ ሥር ባለ የብስክሌት ማቆሚያ ውስጥ ሰገድን። ሊቀ መንበሩ "ጉልበቴን አመመኝ" ብለው ከጄኔቭ አልመጡም። ስግደቱ ሲያልቅ አንዲት እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "በይ ይቅር በያቸው፤ ዕለቱ ነው" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው" አልኩ።

እሱ ቸር ነው። ሲሚንቶ ላይ የሰገድኩት እኔ ነኝ።